ድሪቶ ወይስ ታሪክ? ስለ ሠዓሊዪቱ ዋንጌቺ ሙቱ ሥራ

ሥዕል ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን ብዙው ሰው «በቀለምና በብሩሽ የሚሠራ ነዋ!» ብሎ እንደሚመልስ አንጠራጠርም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየን ያደግነውም፣ በትምህርት ቤት የተማርነውም ይኸው ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት መቀስና ሙጫ ይዛ ከሞተር ብስክሌት መጽሔት ጎማ፣ ከፋሽን መጽሔት የነጭ ሴት ከንፈር፣ ከጂኦግራፊ መጽሔት የአውሬ ቆዳ፣ ከሐኪም መጽሐፍ የተሰነጠቀ ማኅፀን እየቆረጠች አንድ አካል አድርጋ ስታጣብቅ ብናይ፤ በዚያም ላይ ብልጭልጭና ጠጉር፣ ሉልና አፈር ብትጨምርበት ምን እንላለን? «ይህስ ድሪቶ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም።

የምንጽፈው ለዚህ ወዳጃችን ነው። ድሪቶ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ድሪቶ የሚለብስ ሰው ሙሉ ጨርቅ ያጣ ሰው ነው። የአፍሪካን ሴት ታሪክ ልሣል ብሎ የተነሣ ሰው ሙሉውን ጨርቅ ከየት ያገኛል? ቅኝ ገዢው በመዝገቡ፣ ተጓዡ በማስታወሻው፣ ፎቶግራፍ አንሺው በካሜራው ስለ እርሷ የተዉልን ቁርጥራጭ ነው፤ ቁርጥራጩም አብዛኛው በሌላ ሰው እጅ፣ ለሌላ ሰው ዓይን ተብሎ የተሠራ ነው። ኬንያዪቱ ሠዓሊ ወይዘሮ ዋንጌቺ ሙቱ የያዙት ሥራ ያንን ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ እንደገና ቆርጦ፣ ሌላ ነገር እንዲናገር ማድረግ ነው። መቀሱን የመረጠላቸው ጉዳዩ ራሱ ነው ብለን እናምናለን።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቅ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛም መጽሔታችን በማባዣ የሚወጣ ስለ ሆነ ሥዕሎቹን ልናትም አልቻልንም፤ ማባዣችን እንኳን ብልጭልጭ ሊያወጣ ፊደሉንም አንዳንድ ጊዜ እንደሚበላ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ በቃል እንገልጻለን፤ አንባቢም በሐሳቡ ይሣልልን።

ዋንጌቺ ሙቱ በ1972 በናይሮቢ ተወለዱ። ወገናቸው ከኪኩዩ ነው። የልጅነት ትምህርታቸውን በዚያው በናይሮቢ በካቶሊክ ደናግል ትምህርት ቤት ተከታትለው ወደ ዌልስ ሄዱ፤ በዚያም በዩናይትድ ዎርልድ ኮሌጅ ተምረው በ1991 ጨረሱ። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው ኪነ ጥበብን ከሥነ ሰብእ ጋራ አጣምረው ያዙ፤ በ1996 ከኩፐር ዩኒየን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ2000 ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በቅርጻ ቅርጽ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ይህን ዝርዝር ለወግ ያህል አልጻፍነውም። ሥነ ሰብእ የሚባለው ትምህርት አፍሪካዊውን እንደ አንድ የሚጠና ነገር አድርጎ በፎቶግራፍና በልኬት ሲመዘግብ የኖረ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ሠዓሊዪቱ በኋላ በመቀስ የሚቆርጡትን ነገር አስቀድመው ከውስጡ ገብተው አይተውታል ማለት ነው። ቅርጻ ቅርጽ መማራቸውም እንዲሁ ያለ ፋይዳ አይደለም፤ ዓለም ያወቃቸው በወረቀት ሥራቸው ቢሆንም እጃቸው የሠለጠነው በቅርጽ ነው። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በናይሮቢም የሥራ ቤት ስላላቸው በሁለቱ ከተሞች መካከል እየተመላለሱ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ሙያው እንምጣ። ፈረንጆች «ኮላዥ» የሚሉት ነገር ለእኛ እንግዳ ሊመስል አይገባም። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እናቱ ወይም አክስቱ ግድግዳውን በአሮጌ ጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ስትለብጥ አይቷል። ግድግዳው እንዳይራገፍ ነው የተባለው፤ ነገር ግን ባለቤቲቱ የትኛውን ገጽ ከላይ፣ የትኛውን ከታች እንደምታደርግ ትመርጣለች። ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ከአልጋው ትይዩ ይሆናል፤ ማስታወቂያው ከበሩ ኋላ ይገባል። ሁለት ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተለጥፈው ሲታዩ ደግሞ፣ ጋዜጣው ያላሰበው ወሬ ይወለዳል። ኮላዥ ይኸው ነው። ከሁለት ቦታ የመጡ ሁለት ሥዕሎች ሲገናኙ በሁለቱም ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይፈጠራል።

በአውሮፓ ይህን ዘዴ ወደ ሥዕል ያገቡት ፒካሶና ብራክ ናቸው፤ ዘመኑም 1912 ነው። ከእነርሱ ይልቅ ለጉዳያችን የምትቀርበው ግን ጀርመናዊቱ ሐና ሆኽ ናት። ሆኽ በ1920ዎቹ ውስጥ በጀመረቻቸው ተከታታይ ሥራዎች የአውሮፓ ሴቶችን አካል ከአፍሪካና ከሌሎች አገሮች የጭምብል ፎቶግራፎች ጋራ እያጣበቀች፣ ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ የሚያስቀምጠውን ነገርና ዘመናዊ የምትባለውን ሴት አንድ ላይ አቆመቻቸው። በአሜሪካም ጥቁሩ ሠዓሊ ሮማር ቤርደን በ1960ዎቹ የሐርለምንና የደቡቡን ኑሮ በቁርጥራጭ ፎቶግራፍ ሠርቷል። የእኛውም እስክንድር ቦጎሲያን በብራናና በዛፍ ልጥ ላይ ሲሠራ፣ የሚሣልበት ነገር ራሱ ታሪክ እንዳለው አሳይቶናል። ስለዚህ ወይዘሮ ዋንጌቺ ከባዶ የተነሡ አይደሉም። አዲስ የሆነው ጥያቄው ነው፤ ይኸውም ቁርጥራጩ የማን ነበር? ማንስ ቆረጠው?

ይህን ጥያቄ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። ሣራ ባርትማን የተባለች የኮይ ተወላጅ ሴት በ1810 ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ወደ ለንደን ተወሰደች። የተወሰደችበትም ምክንያት የሰውነቷን ቅርጽ በክፍያ ለተመልካች ለማሳየት ነበር። በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች ነገሯን በለንደን ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ነገር ግን በውልና በፈቃዷ ነው የምትሠራው ተብሎ ክሱ ወደቀ። በ1814 ወደ ፓሪስ ተሻገረች። እዚያም የሳይንስ ሰዎች አስቁመው መረመሯት፤ ሠዓሊዎችም ሣሏት። በ1815 መጨረሻ ስትሞት ታዋቂው የእንስሳት አጥኚ ዦርዥ ኩቪዬ ሬሳዋን በምላጭ ከፈለ፤ የሰውነቷን ቅርጽ በጀሶ አወጣ፤ አንጎሏንና የሴትነት አካሏን በብልቃጥ አኖረ። አጽሟና የጀሶ ቅርጿ በፓሪስ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ሲታይ የቆየው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ነው። እስከ መቼ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጥተው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ከዐሥር ዓመት በኋላም ገና ትታይ ነበር ብለን እንመልሳለን። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት አጽሟን የጠየቀው ማንዴላ ፕሬዚዳንት ከሆኑበት ከ1994 ጀምሮ ሲሆን፣ ፈረንሳይ የመለሰችው በ2002 ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በደቡብ አፍሪካ የሴቶች ቀን፣ በትውልድ አገሯ ተቀበረች።

ይህን ታሪክ ያነሣነው የሐኪም መጽሐፍ ሥዕል ንጹሕና ገለልተኛ ነገር አለመሆኑን ለማሳሰብ ነው። መቀስ ሠዓሊዪቱ ከማንሣታቸው በፊት በሥራ ላይ ነበር። የአፍሪካ ሴት በምላጭ ተቆርጣ፣ በብልቃጥ ተከፋፍላ፣ በገጽ በገጹ ተለጥፋ ቆይታለች።

እንግዲህ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሠዓሊዪቱ «የማኅፀን ዕጢ ልዩ ልዩ ዓይነቶች» ለማለት የሚቀርብ ርእስ የሰጧቸውን ዐሥራ ሁለት ሥራዎች ሲያወጡ ምን እንዳደረጉ ይታየናል። አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ገጾችን ሰበሰቡ። ገጾቹ የሴትን የውስጥ አካል፣ በሽታውንና እበጡን በሥዕል የሚያሳዩ ናቸው፤ ከላያቸውም የታተመው የሕክምና ስም እንዳለ ተትቷል። በእነዚህ ገጾች ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር፣ ጠጉርና ብልጭልጭ፣ የማሸጊያ ፕላስተር ሳይቀር እየለጠፉ እያንዳንዱን ገጽ የሴት ፊት አደረጉት። ማኅፀኑ ግንባር ሆነ፤ ዕጢው ጉንጭ ሆነ። አስፈሪ ነው፤ በአንዳንዱም ላይ ሣቅ አለ። ትልቁ ነገር ግን ፊቱ መልሶ ማየቱ ነው። በሐኪሙ ገጽ ላይ የነበረው አካል ፊት አልነበረውም፤ ፊት የሌለው ነገር ሲያዩት አያይም። ሠዓሊዪቱ ዓይን ሰጡት። ከሠሯቸው የወረቀት ሥራዎች ሁሉ እኛ ይህን እናስበልጣለን፤ ምክንያቱም ምንም ነገር ሳያጠፉ፣ ያንኑ ገጽ እንዳለ ይዘው፣ የገጹን ሥልጣን ብቻ ገልብጠውታልና።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2003 የተሠራው ሌላው ሥራ በስም የታወቀች ሴትን የሚያስታውስ ነው። ርእሱ በአማርኛ «እናትህ» እንደ ማለት ነው፤ በአሜሪካ ጥቁሮች አነጋገር ስድብም ቀልድም ይሆናል፤ እኛም አገር እናትን ጠርቶ መሳደብ ምን እንደሚያስከትል ስለሚታወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሥራው የተዘጋጀው ናይጄሪያዊውን ሙዚቀኛ ፌላ አኒኩላፖ ኩቲን ለማሰብ በኒው ዮርክ ለተደረገ ኤግዚቢሽን ነበር። ሌሎች ስለ ፌላ ሲያስቡ ወይዘሮ ዋንጌቺ ስለ እናቱ አሰቡ። በሁለት ገበታ ላይ አንዲት ሴት ትታያለች፤ ሰውነቷ በቀለምና በቁርጥራጭ ወረቀት የተሠራ ነው፤ አንድ ረጅም እባብ ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው ተዘርግቷል፤ የተቆረጠው የእባቡ ራስ በጫማዋ ታኮ ሥር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ነገሩን ወዲያው ያገኘዋል። ሔዋን እዚህ አልተታለለችም።

የፌላ እናት ፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ ማን ነበሩ? በ1900 በአቤኦኩታ የተወለዱ አስተማሪ ነበሩ። በ1940ዎቹ የተማሩትን ሴቶችና የገበያ ነጋዴ ሴቶችን በአንድ ማኅበር አሰባስበው፣ እንግሊዞች በአቤኦኩታው ገዢ በአላኬ በኩል በሴቶች ላይ የጣሉትን ግብር ተቃወሙ። በ1947 እና በ1948 በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በቤተ መንግሥቱ ፊት ተሰልፈው ዋሉ፤ አደሩም። በ1949 መጀመሪያ አላኬው ዙፋኑን ለቅቆ ሄደ። ገበያ ላይ ቃሪያና ጨርቅ የሚሸጡ ሴቶች ንጉሥ አወረዱ ማለት ነው። በ1977 የናይጄሪያ ወታደሮች የልጃቸውን የፌላን ቤት ሲያቃጥሉ እኚህን አሮጊት ከመስኮት ወረወሯቸው፤ በዚያው ጉዳት በ1978 ዐረፉ። ስለ ልጁ ያልሰማ ተማሪ በግቢያችን ጥቂት ነው፤ ስለ እናቱ የሰማው ግን ስንት ነው? ሥዕሉ ያለው በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሳንጠቅስ ብናልፍ እውነትን እንደ መሸሸግ ይቆጠርብናል። ሠዓሊዪቱ ከሚቆርጧቸው መጽሔቶች መካከል የሴትን ራቁት ገላ የሚሸጡ መጽሔቶች አሉ። «ያንን ገላ እንደገና በኤግዚቢሽን ላይ መስቀል ውርደቱን መድገም አይሆንም ወይ?» የሚል ሰው አለ፤ ይህን የሚሉት ደግሞ ለሥነ ጥበብ ግድ የሌላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። እኛ እንደምናየው ነገሩ ከሥራ ወደ ሥራ ይለያያል። የሴቲቱ እግር ከሞተር ብስክሌት ክፍል ጋራ ተጣብቆ፣ ቆዳዋ እንደ በሽታ ተዥጎርጉሮ፣ ተመልካቹ እንደ ለመደው ሊደሰትባት ሲመጣ በድንጋጤ የሚያቆመው ሲሆን ቆራጩ ትርፍ አግኝቷል። አንዳንዱ ሥራ ግን ውበቱ ይበዛበታል፤ ብልጭልጩና ሉሉ ዓይንን እየጎተተ፣ የተቆረጠችው ሴት መቆረጧ እስኪረሳ ድረስ ያስጌጣታል። እንደዚህ ያለውን ሥራ አንድ ባለጠጋ በሳሎኑ ሰቅሎት ሳይከነክነው ሊኖር ይችላል። ይህም ስሕተቱ የባለጠጋው ብቻ አይደለም።

የሠዓሊዪቱ ስም ሥነ ጥበብን ከሚከታተለው ሰው አልፎ ወደ መንገደኛው የደረሰው በ2019 ነው። የኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በአምስተኛው ጎዳና ላይ ያለው ፊቱ በ1902 ሲጠናቀቅ፣ ሐውልት እንዲቆምባቸው የታሰቡ ጉድጓዳ መስኮቶች በግድግዳው ላይ ተሠርተው ነበር። ገንዘብ ስላልተገኘ ባዶ ቀሩ። ባዶ ሆነውም ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። ቤተ መዘክሩ በመጀመሪያ ሥራ እንዲያቆሙባቸው የጋበዛቸው ዋንጌቺ ሙቱን ነው። በሴፕቴምበር 2019 አራት የነሐስ ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው፣ በእነዚያ መስኮቶች ውስጥ ተቀመጡ፤ እስከ 2020ም ድረስ ቆዩ። ለሥራው የሰጡት ስም «አዲሶቹ ነፃ ያወጡናል» የሚል ትርጉም አለው።

ሐሳቡን ያገኙት ከዓምድ ሴቶች ነው። በአቴና ከተማ ጣሪያ በራሳቸው ተሸክመው የቆሙ የድንጋይ ሴቶች እንዳሉ በታሪክ ክፍል ተምረናል። አፍሪካም የራሷ ተሸካሚ ሴቶች አሏት፤ በኮንጎ የሉባ ሕዝብ ዘንድ የንጉሡ በርጩማ በተንበረከከች ወይም በቆመች የእንጨት ሴት ራስና እጅ ላይ ያርፋል። ይህ ሲታይ «ያው ሴት ተሸካሚ ናት» ያሰኛል፤ የሉባዎቹ ነገር ግን ጠለቅ ያለ ነው። በእነርሱ እምነት የሞተው ንጉሥ መንፈስ በሴት ላይ ያድራል፤ ሥልጣኑን የምትይዘው እርሷ ናት። በርጩማውም ለመቀመጫ እምብዛም አይውልም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክብር ይቀመጣል። ከእነዚህ በርጩማዎች አንዱ በዚያው በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። የወይዘሮ ዋንጌቺ ሴቶች ግን ምንም አልተሸከሙም። ልብሳቸው ከአንገት እስከ እግር እንደ ተጠቀለለ ገመድ የከበባቸው፣ እጃቸውን አሳርፈው፣ አንዳንዶቹ ተቀምጠው አንዳንዶቹ ተንበርክከው፣ በቤተ መዘክሩ በር ግራና ቀኝ መንገደኛውን ያዩታል። ሸክሙ ከራሳቸው ላይ ወርዷል፤ ክብሩ ቀርቷል።

በነሐሱ ላይ ያለው ሌላው ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በቀጥታ የሚመለከተን ነው። በእያንዳንዷ ሴት ራስ ላይ እንደ መስተዋት የተወለወለ ክብ ሳሕን አለ፤ በአንዷ በአፏ ላይ፣ በሌላዋ በዓይኗ ላይ፣ እንዲሁም በሌላ በሌላ ቦታ። ፀሐይ ስትወጣ ሳሕኑ ብርሃኑን ወደ ጎዳናው ይመልሳል። ሐሳቡ የተወሰደው በአንዳንድ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ሴቶች በከንፈራቸው ከሚያደርጉት ክብ ጌጥ ነው። ይህ ጌጥ ካለባቸው ሕዝቦች መካከል በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የሚኖሩት የእኛዎቹ ሙርሲዎችና ጎረቤቶቻቸው ሱሪዎች አሉ።

የሙርሲ ሴትን ፎቶግራፍ ያላየ ሰው በመካከላችን የለም። በፖስታ ካርድ፣ በቱሪስት መጽሐፍ፣ በአየር መንገድ ቢሮ ግድግዳ ላይ አለች። ስለ እርሷ የምናውቀው ምንድር ነው? ልጅቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የታችኛው ከንፈሯ በእናቷ ወይም በሌላ ሴት ይቀደዳል፤ ቁስሉ እስኪድን በእንጨት ውታፍ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደምታሰፋው የምትወስነው ራሷ ናት። ሸክላውን ሁልጊዜ አታደርገውም። ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ በሠርግና በወንዶች የዱላ ግጥሚያ ቀን ታደርገዋለች። አካለ መጠን የደረሰች፣ የተከበረች ሴት ለመሆኗ ምልክት ነው። «ባሪያ ፈንጋዮች እንዳይወስዷቸው መልካቸውን ለማበላሸት ጀመሩት» የሚለው ወሬ በየመጽሐፉ ይዞራል፤ ከሙርሲዎች ጋራ ብዙ ዘመን የቆዩት አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። ወሬው የሚወደድበት ምክንያት፣ ለእኛ ዓይን መበላሸት የመሰለን ለእርሷም መበላሸት ነው ብሎ ስለሚያስብልን ይመስለናል።

ቱሪስቱ ከጂንካ በመኪና ተነሥቶ መንደሯ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ይከፍላል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ክፍያው በፎቶግራፍ ቁጥር ስለ ሆነ ሴቶቹም ካሜራው የሚወደውን ነገር ዐውቀዋል፤ በሌላ ቀን የማያደርጉትን ቀንድና ጥርስ በራሳቸው ላይ ይጨምራሉ። ያም ፎቶግራፍ ተመልሶ «ያልተነካች አፍሪካ» ተብሎ ይታተማል። እዚህ ላይ የምንወቅሰው ፈረንጁን ብቻ ከሆነ ራሳችንን እንሸነግላለን። የሙርሲ ሴት ፎቶግራፍ በከተማ ቤትና ሆቴል ሲሰቀል የምናየው በአገራችን ነው፤ ስሟንም ያ የሰቀለው ሰው አያውቅም።

ታዲያ በናይሮቢ ተወልደው በኒው ዮርክ የተማሩት ሠዓሊ ያንኑ ሳሕን ወስደው በቤተ መዘክር በር ላይ ሲያቆሙት ከካሜራው በምን ይለያሉ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ሴቲቱን እርሳቸውም በስም አልጠሯትም። ልዩነቱን የምናገኘው ከሳሕኑ ራሱ ነው። የፖስታ ካርዱ ሳሕን ተመልካቹ የሚያየው ነገር ነው። የነሐሱ ሳሕን የተወለወለ ስለ ሆነ፣ ቀርቦ የሚያየው ሰው የራሱን ጥላና የኋላውን ጎዳና ያያል፤ ፀሐይ ካለች ደግሞ ዓይኑን ይወጋውና ፊቱን ያዞራል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለቅዱሳን የሚሥሉት የብርሃን ክበብ፣ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አክሊለ ብርሃን፣ በዚህ ሳሕን ውስጥ እንዳለ ልብ እንላለን። ከቤተ መዘክሩ ውስጥ የአፍሪካ ዕቃዎች በመስተዋት ሣጥን ተዘግተው ሲታዩ፣ በደጅ ያሉት አራት ሴቶች መስተዋቱን ራሳቸው ይዘውታል።

የዚህ ሁሉ ሥራ ገበያ በኒው ዮርክና በለንደን መሆኑ ግን አሁንም ያስቆጨናል። በ2023 በኒው ዮርኩ ኒው ሙዚየም ከመቶ በላይ ሥራዎቻቸው በአንድነት ሲታዩ፣ ከናይሮቢ ተማሪ ይልቅ ለማንሃተን ተማሪ ይቀርብ ነበር። ከአዲስ አበባ ተማሪማ አይነሣ፤ እኛም ያየነው በኅትመትና በፎቶግራፍ እንጂ በአካል ቀርበን አይደለም፤ ለዚህ ነው ስለ ቀለሙ ብዙ ያልተናገርነው።

በአካል ሳይቀርቡ በደንብ ሊታይ ከሚችለው ሥራቸው አንዱ በ2015 በቬኒሱ ቢየናሌ የቀረበው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። «የሁሉ ሸክም መጨረሻ» ብንለው ያስኬዳል። አንዲት ሴት፣ ሠዓሊዪቱ ራሳቸው ናቸው፣ በራሷ ላይ ቅርጫት ተሸክማ በረጅም ሜዳ ላይ ትሄዳለች። እየሄደች ሳለ ሸክሙ ይጨምራል፤ ጎማ፣ አንቴና፣ ሕንፃ ሳይቀር ይከመርበታል፤ ጎንበስ ትላለች፤ አሁንም ትሄዳለች። በመጨረሻ ሴቲቱና ሸክሟ ተዋሕደው ወደ ምድሪቱ ይሰጥማሉ። የእንጦጦን ቁልቁለት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን በጧት ያየ ሰው ለዚህ ፊልም አስተርጓሚ አይፈልግም።

ናይሮቢ ከተመለሱ ወዲህ ደግሞ የሥራቸው ዕቃ ተለውጧል። ከ2016 ጀምሮ «ዘቦች» ብለው የሰየሟቸውን የቆሙ ሴቶች ይሠራሉ፤ እነዚህ ከዛፍ ሥርና ከቅርንጫፍ፣ ከወረቀት ድቃቂና ከናይሮቢ ቀይ አፈር የተሠሩ ናቸው። ከባሕር ዳርቻው ሕዝብ ተረት ወስደው በ2017 የሠሯት የነሐስ «የውሃ ሴት»ም አለች፤ ከወገቧ በታች ዓሣ ናት። እኛን ይበልጥ የሚስበን ግን አፈሩ ነው። ወረቀቱ ተዘፍዝፎ፣ ተደቁሶ፣ ከአፈርና ከሙጫ ጋራ ተቦክቶ በእንጨት ላይ ይመረጋል፤ አሠራሩ ጭቃና ጭድ አቡክቶ ግድግዳ ለመረገ ሰው አዲስ አይደለም። በእነዚህ ዘቦች ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ ከንፈር አይታይም። ወረቀቱ አለ፤ ነገር ግን የታተመበት ፊት ከአፈሩ ጋራ ተቦክቶ ማንም ሊለየው አይችልም።